ትንፋሽ ተይዞ የተለካ ሸሚዝ

እህቴ ባላጠፋችው ጥፋት ደንበኛ ፊት ቆማ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ እኔ ካውያ በእጄ ይዤ እንደ ግንድ ተገትሬ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከወንበሯ ተነስታ፣ ጭኗ ላይ የነበረውን ቀሚስ አጣጥፋ አስቀምጣ፣ ልብሷ ላይ የተለጠፈውን ቁርጥራጭ ክር በመዳፏ አራግፋ ነው የተናገረችው። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ አርባ ስድስት ሞልቶኛል፤ ሽበት ያበቀልኩ፣ በሱቄ በር ላይ «ዘመናዊ ልብስ ስፌት» ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሀፍረቱ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም።

ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሰውን ከራስ እስከ እግሩ የሚያሳይ መስታወት፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የታላቅ እህቴ የእትዬ ወንበር አለ። ከመጋረጃው ወዲያ እኔ፣ ባለቤቴና እትዬ እንኖራለን። ጠዋት ገና በሩን ከፍቼ ካውያውን ሳግል ከመንገዱ ማዶ ያለው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ገባ። ሙቀቱ ከማለዳው ጀምሮ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ኮቱን እስከ ላይ ቆልፏል። ሰላምታዬን አልመለሰም። መንገዱን ዞር ብሎ አየና ኮቱን ፈታ። የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ሆዱ ላይ ተወጥሮ፣ በቁልፎቹ መካከል አፉን ከፍቶ፣ የውስጥ ልብሱ ይታያል። «ይኼ ካጠበባችሁልኝ ከአምስቱ የተሻለው ነው» አለና ከያዘው ከረጢት የቀሩትን አራቱን አውጥቶ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ከብብቱ ሥር እስከ ወገቡ ተቀዷል። «ትናንት የበላዮቼ በተሰበሰቡበት፣ ሰሌዳ ላይ ልጽፍ እጄን ሳነሳ ነው የተቀደደው። ሠላሳ ሰው ፊት። ድምፁን ሁሉም ሰማው። አንዷ አፏን ይዛ ስትስቅ አይቻለሁ፤ የኔው ሠራተኛ ናት።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በስብሰባው መሃል ክንዱን ጎኑ ላይ ለጥፎ እስከ መጨረሻው መቀመጡን ሲነግረኝ፣ የሰውየው ጆሮ ቀልቶ ነበር።

ሸሚዙን ወደ ብርሃን ወሰድኩት። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው አይቶ የማይስተው ነገር አለ፤ ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ጥፋቱ የሰፊው ነው፣ ክሩ ሳይበጠስ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ተቀዶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቆራጩ ነው። ክሩ አልተበጠሰም። የእትዬ ስፌት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ፣ አንድም ሳይዘል፣ ከላይ እስከ ታች እንዳለ ነበር። «ማነው ይኼን የሠራው?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እህቴ ናት የሰፋችው» አልኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሦስት እርምጃ ርቃ የተቀመጠችው ሴትዮ ደንቆሮ የሆነች ይመስል፣ «ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ሐኪምም አይቷታል» ብዬ ጨመርኩበት። እትዬ የተነሳችው ያኔ ነው።

ውሸት ተናገርክ የሚለኝ ካለ፣ አልተናገርኩም። ነገሩን ያከፋው ይኸው ነው። የሰፋችው እሷ ናት፤ ዓይኗም ደክሟል። ሁለት እውነት ጎን ለጎን ገጥሜ አንድ ትልቅ ውሸት ሰፋሁ። ባለፈው ሳምንት ሰውየው አምስት አዲስ ነጭ ሸሚዝ ይዞ ሲመጣ፣ ባንድ ላይ ሲገዛቸው ረክሰውለት፣ ሁሉም ባንድ ቁጥር ይተልቁት ነበር። ትከሻቸው ግን ልኩ ነው፤ ትከሻ ካልገጠመ ሸሚዝ አይድንም፣ ከገጠመ ሌላው ይስተካከላል። ኮሌታውም ጥሩ ነበር። ችግሩ እንደ ከረጢት የሚንቦረቀቀው ጎኑ ነው። «እንደ ወጣቶቹ ሰውነቴን ያዝ አድርግልኝ» ብሎ መስታወቱ ፊት ቆመ። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም የሚያደርገውንም አደረገ፤ ሆዱን ሳበ፣ ደረቱን ነፋ፣ ትንፋሹን ያዘ። አይቻለሁ፤ ያላየሁ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ይህንን ሙያ ስታስተምረኝ የመጀመሪያው ቃሏ «ቆሞ የተለካ ሰው ተቀምጦ ይረግምሃል» የሚል ነበር። አስቀምጠው፤ እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ፣ ወደ ላይም ያንሳ፤ እየተነፈሰ ያውራህ፤ ስፒልህን ከዚያ በኋላ ሰካ። አዲስ ጥጥ ከሆነ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባልና ቀድሞ ይታጠብ። ብዙ ከሆነም አንዱን ብቻ ሠርተህ ባለቤቱ ለብሶት ይዋል፤ ደግሞም ትርፉን ጨርቅ ውስጡ ተወው እንጂ አትቁረጠው፣ ሰው ይወፍራል። እንቅልፌ ውስጥ ብትቀሰቅሱኝ አንድ ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።

ያን ቀን ግን ሰውየው ስፒል ስሰካለት ስለ ሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ያወራ ነበር። አርባ ሸሚዝ። አርባ የምትለውን ቁጥር ስሰማ ጆሮዬ ሌላ መስማት አቆመ። ተቀመጥ ተነስ ብዬ ላሰለቸው አልፈለግሁም፤ የተቸኮለ ሰው ነው፣ እኔም ሥራዬን በዓይኔ የምለካ ትልቅ ባለሙያ መስዬ መታየት አማረኝ። የያዘውን ትንፋሽ ለካሁ፤ ሳይታጠብ አምስቱንም ባንድ ከሰዓት ቆረጥኩ፤ ውስጡም ንጹህ እንዲመስል ትርፉን በመቀስ ቀርጥፌ ጣልኩት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ እኔ ድስቱን ሰው ላይ ነው የደፋሁት። እትዬ በዚያ ሰዓት አልነበረችም፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ስትመለስ የተቆረጡትን ሸሚዞች አየችና «አስቀምጠህ ነው የለካኸው?» አለችኝ። «አዎ።» «ታጥቧል?» «ታጥቧል።» እንዲህ ያለች ውሸት በቤት ውስጥ ውሸት አትባልም፤ ከምክር ማምለጫ ናት። እኔ አስቸኳይ የሱሪ ሥራ ስለነበረብኝ እሷ አምስቱንም በጠመኔ ባሰመርኩት መስመር ላይ ሰፋችልኝ። ሐኪሙ ያላትንም የዚያን ቀን ማታ ለኔ ብቻ ነገረችኝ፤ ዓይኗ ይደክማል እንጂ አይጠፋም፣ ብርሃን ባለበት መሥራት ትችላለች። «ለሚስትህም ቢሆን እንዳትነግር» ብላ ለምናኝ፣ «ምን በወጣኝ» ብያት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የእትዬን ይቅርታ ሲሰማ ቁጣው ጠፋ። «አይ እናቴ፣ ይቀመጡ። ዕድሜ የማያመጣው የለም» አላት፤ ክንዷንም ይዞ አስቀመጣት። ከዚያ እኔን በዓይኑ ጠቅሶ በር ላይ አወጣኝና መስኮቱ ሥር ቆምን። መስኮቱ ክፍት ነበር። «የአርባው ሸሚዝ ሥራ ለናንተ እንዲሰጥ ተናግሬያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። አምስቱን ደግሞ፣ የለበስኩትን ምሳ ሰዓት እልክልሃለሁ፣ እስከ ነገ ወዲያ እንደምንም አድንልኝ። ግን ከእንግዲህ እሳቸው የኔን ጨርቅ አይንኩት። ቃልህን ስጠኝ።» የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ ወንድም ይባስ ብሎ ለጅቡ በር ይከፍታል። «እሺ» አልኩት። በመስኮቱ በኩል የእትዬ ነጭ ፀጉር ይታየኝ ነበር። ቀና አላለችም፤ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንስታ ክር ለማስገባት እየሞከረች፣ ቀዳዳውን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ሳተችው።

ተመልሼ ገባሁና ካውያውን ያለ ሥራው ወዲያ ወዲህ እነዳው ጀመር። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «አንተ ምናምንቴ» ብትለኝ፣ በማስመሪያው እጄን ብትመታኝ፣ በልጅነቴ ቁልፍ አጣምሜ ስሰፋ ታደርገው እንደነበረው፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ዝም። በመጨረሻ፣ የተቀደደውን ሸሚዝ ሳገላብጥ፣ ከወንበሯ ሆና «ከታች ረዝሟል፤ ሱሪ ውስጥ የሚገባው። ከሱ ቆርጠህ ብብቱ ሥር ብታስገባለት ክንዱ ይፈታል። ለጎኑ ግን አይበቃም፣ የሚመስለው ጨርቅ ፈልግ» አለች። ትክክል ነበረች። አንገቴን ደፍቼ «እሺ እትዬ» አልኩና ሸሚዙን ጠቅልዬ ወጣሁ። ከቤት ለመውጣት ሰበብ በማግኘቴ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ጨርቅ ቤት ገብቶ «ነጭ ስጠኝ» ይላል። ጨርቅ ሻጩ አራት ዓይነት ነጭ አውርዶ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ከሸሚዙ ጋር እያስተያየን ቆምን፤ አንዱ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ አንዱ ሰማያዊ አለበት። የሜትሩን ዋጋ ስጠይቅ ካለፈው ወር እጥፍ ሆኗል፤ ስከራከር «ለእትዬ ቤት ነው የቀነስኩት» ይለኛል። ከዚያ የተቀደደውን ጎን አነሳና አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደ። «ይኼ የእሷ እጅ ነው። በጨለማ ብትሰጠኝ አውቀዋለሁ። እስቲ ተመልከት፣ ጨርቁ ሲቀደድ ክሩ አልነቃነቅም ብሏል። እንዲህ አጥብቦ የቆረጠው ማን ነው?» ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና «ደንበኛው ነው፤ አጥብብልኝ ብሎ አስጨንቆን» አልኩት። ሻጩ ራሱን ነቀነቀና «ደንበኛ ሞኝ ቢሆን ቆራጭ ሞኝ ይሆናል?» አለ። ሂሳቡን ጥዬ መልሱን ሳልቆጥር ወጣሁ።

ከመስኮታችን ውጪ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ለምን እንደሚላት መናገር አያስፈልግም። ስመለስ ጠብቃ ያዘችኝ። ጠዋት ሱቅ ውስጥና በር ላይ ያወራነውን በሁለት ጆሮዋ ጠጥታዋለች። «የእትዬ ዓይን ጠፋ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታዋ ማዶ ይሰማል። «አልጠፋም፣ ደከም ብሏል» አልኩ። «እና የኔ ቀሚስ? የልጄ ምርቃት እኮ ደርሷል።» ቀሚሷ እትዬ ጭን ላይ የነበረው ነው። አልቋል፤ አየሁት፤ የቀረው የወገቡ ማሰሪያ ብቻ ነው። «አትስጊ፣ የእሷ እጅ አይሳሳትም» ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አራት። እኔ ግን «አይዞሽ፣ እኔ ራሴ አየዋለሁ» አልኳት። ይህም የዛሬ ሦስተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው፤ ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም።

ምሳ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ባለቤቴ ሩዝና ድንች ሠርታለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እትዬን አንድ ቀን ቀና ብላ ተናግራት አታውቅም። ነገር ግን የእትዬ ወንበር ባለበት ቦታ የመስታወት መደርደሪያ ማስቀመጥ ከፈለገች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከውጪ የሚያልፍ ሰው የተሰቀለ ሸሚዝ ቢያይ ይገባል ትላለች፣ እውነቷንም ሊሆን ይችላል። ሬዲዮ ዜናውን አድርሳላታለች። የእትዬን ሳህን ደግማ እየሞላች «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ይረፉ። ለኛ ብለው ስንት ዘመን ደከሙ። አሁን ተራው የኛ ነው» አለቻት። እንዲህ በመልካም አፍ ሲባል እምቢ የሚል የለም። እትዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እሺ የኔ ልጅ» አለች። ከዚያ ዳቦውን ወደኔ ገፋችልኝ፤ ፊቴ አልበላም ብሎባት ይሆናል። አሁን ልናገር፣ ይህችን ጉርሻ ውጬ ልናገር እያልኩ ሳህኑ አለቀ።

እትዬ ወደ ሱቅ ስትመለስ ባለቤቴን ጓዳ ይዤ «ሸሚዙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ አልዞረችም። «ገምቻለሁ» አለች። «የእሷ መኪና ከመስመር ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ አሁን ምን ይጠበስ? ብትናገር ሰውየው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ዓይኗ አይመለስላት። ዛሬ ባይሆን ከርሞ ማቆሟ አይቀርም። በክብር ትረፍ።» በክብር የሚለውን ቃል ስትጠቀም ሳህኑ ከእጇ አመለጣት፤ አልተሰበረም። ሁለታችንም ስላለመሰበሩ ትንሽ አወራን። መናገር የነበረብኝ ለባለቤቴ እንዳልሆነ ያወቅሁት ግማሹን ሸክም አራግፌ ቀለል ሲለኝ ነው፤ ቀለል በማለቱ ደግሞ እንደገና አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። «ለእርስዎ አዝኜ ነው እትዬ፣ እንዳይደክሙ» አለች፣ ዓይኗን መስታወቱ ላይ አድርጋ። እትዬ ቀሚሱን ዘረጋችላት። «የቀረው እዚህ ጋ ነው፤ ማሰሪያው በእጅ ይያዛል። ተቀምጠሽ ነው የለካሁሽ፣ ስትጨፍሪም አይይዝሽም» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ሬዲዮ ከወጣች በኋላ እትዬ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በዚህ ሱቅ ሃያ ዓመት ከእሷ ጋር ስሠራ እጇን ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የት እንደምታደርገው የቸገራት ትመስል ነበር። አንድ ጊዜ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ተነስታ ከመደርደሪያው የሠራቻቸውን ልብሶች አንድ በአንድ እያወረደች፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ታይ ጀመር። የአንዱን ሱሪ ግርጌ፣ የሌላውን እጅጌ። ምን እየፈለገች እንደሆነ አልገባኝም። ብብቱ ሥር ጨርቅ እያስገባሁ አቀርቅሬ ሠራሁ፤ ሦስቱን ሸሚዝ አዳንኩ፣ ሁለቱ ነገር አለባቸው።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ግማሽ ዘጋሁ። ስፒሎቹን ለቅሜ፣ የመኪናዎቹን ልብስ አልብሼ፣ መቀሱን ሰቅዬ፣ የሚሠራ ነገር ሲያልቅብኝ መናገሬ ግድ ሆነ። ወደሷ ዞርኩ። ቀደመችኝ። «ና ቁጭ በል» አለች። የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የማበላሸው። እስከ ዛሬ ስንቱን አበላሽቼ፣ እኔ እንዳላፍር ብለህ ዝም ብለህ አስተካክለህልኛል?»

ክው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዝምታዋን ወቀሳ ነው ብዬ ስሸሸው ነው የዋልኩት። ለኔ ብላ ነው ጥፋቱን የወሰደችው፣ ልታድነኝ ነው፣ ውስጥ ውስጡን ግን ትታዘበኛለች እያልኩ። ለካ አምናኛለች። ጠዋት ተነስታ ይቅርታ የጠየቀችው እኔን ለማዳን አልነበረም፤ በእውነት ጥፋተኛ ነኝ ብላ ነው። ከመደርደሪያው ልብስ እያወረደች የምትዳስሰውም ሌሎች ጥፋቶቿን ፍለጋ ነው። «ዛሬ አንድም አላገኘሁም» አለች፤ «ግን ዓይኔ አይደለም እንዴ የሚፈልገው፣ እንዴት ያግኝ? ሸሚዞቹን ስሰፋ ብርሃኑ ሸሽቶ ነበር። መስመሩን የያዝኩ መስሎኝ ወደ ውስጥ ገብቼ ይሆናል። ያንን ሰው በሠላሳ ሰው ፊት አዋረድኩት። ጠዋት ጆሮው እንዴት እንደቀላ አይተኸዋል?»

«እትዬ» አልኩ፤ «የተሳሳተው መስመሩ ነው። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የለካሁት። አላሳጠብኩትም። አምስቱንም ባንዴ ቆረጥኩ፣ ትርፉንም ቀረጠፍኩት። አንቺ አንድ ነገር አላጠፋሽም።» ይኸው ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ የታነቅሁበት ነገር ወጣ። ፊቷን ጠበቅሁ።

እትዬ ሳቀች። መሳቂያ አድርጋኝ አይደለም፤ ልጅ እያለሁ የማይረባ ነገር ስቀባጥርላት እንደምትስቀው ነው የሳቀችው። «አንተ?» አለች። «እንዲህ ያለ ነገርማ አንተ አትሠራም። የዚያን ቀን ስጠይቅህ፣ አዎ አስቀምጬ ለክቼዋለሁ፣ ታጥቧልም አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«አሁን ነው የምትዋሸኝ፤ ልታጽናናኝ። አውቅሃለሁ እኮ፣ ከልጅነትህ ሰው ሲያዝን ማየት አትችልም።»

«እትዬ ሙች እውነቴን ነው» አልኩ። ሳቋን አቆመች። ጉልበቴን በእጇ ያዘች፤ ጣቶቿ በመርፌ የጠነከሩ ናቸው። «ተው» አለች። «ስማኝ። ባል አልቀረልኝ፣ ልጅ አልወለድኩ። በዚህ ዓለም አንድ ነገር ሠራሁ ብል አንተን ነው፤ ልብስ ሰፊ አድርጌሃለሁ። እኔ ያስተማርኩት ሰው የቆመ ሰው ለክቶ ጨርቅ አይቆርጥም። ዓይኔ ደከመ ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ ያስተማርኩህ ሳይገባህ ቀረ ብትለኝ ግን አልችለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ማጽናኛ አታምጣብኝ።» ፊቷን አየሁት፤ እያወቀች የምትሸፍንልኝ እንደሆነ ፈለግሁ። ምንም የለም። የምታምነውን ነው የምትናገረው። የቀረጠፍኩት ትርፍ ጨርቅ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ጆንያ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ከፊቷ ብዘረጋው፣ እጇ ላይ ባስነካት፣ ታውቀው ነበር። አላወጣሁትም። ለእሷ አዝኜ ነው ልበል? ለራሴም ተመችቶኝ ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለመመርመር ድፍረቱ የለኝም።

«ነገ ለሰውየው ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም ሳይሰማኝ። «እንዳታደርገው» አለች ቆጣ ብላ፤ «በኔ የተነሳ አርባ ሸሚዝ ብታጣ ምን ልሆን ነው? ቃልህን ሰጥተሃል፣ ሰምቻለሁ፤ ጨርቁን አልነካም። ይህችን ወንበር ብቻ እስከ ወሩ መጨረሻ አታንሱብኝ። ተቀምጬ መንገደኛ ልይ፣ ከዚያ እለምደዋለሁ።» «ማንም አያነሳውም» አልኩ። ይህንንም ለመፈጸም አቅም እንዳለኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። እሷ ግን አመነችኝ፤ ማመን ልማዷ ነው። ቀስ ብላ ተነሳች፤ ለመነሳት ክንዴን ሰጠኋት። ቆማ፣ ሌላውን እጇን ራሴ ላይ ጫነች፤ ሽበቴን ዳበሰች።

«ገበናዬን ይህን ሁሉ ዘመን እንደሸፈንክልኝ፣ ፈጣሪ ገበናህን ይሸፍንልህ» አለችና እጇን ሳታነሳ ጠበቀችኝ። ለምርቃት ዝም አይባልም።

«አሜን» አልኩ።